አንድ ወፍጮ፣ ሦስት ዋጋ፤ ግብሩ ለእኛ፣ ትርፉ ለደላላው!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ አሮጌ ወፍጮ ነው። ‹‹ሰውየው ምን ነካው? አገር ስንት ጉድ ተሸክማ እያለ ስለ ወፍጮ ይጽፋል?›› የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሡኝ። በዚህች አገር ግብር ከማን እንደሚሰበሰብ፣ ከማንስ እንደማይሰበሰብ ማወቅ የፈለገ ሰው የበጀት ንግግር ማዳመጥ አያስፈልገውም። አንድ ያገለገለ ዕቃ በደላላ ይሽጥ። ብቻ ይሽጥና ያየዋል!

ጫንጮን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ በእንጦጦ በኩል ወጥታችሁ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጣችሁ፣ በጎጃም መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ የምታገኟት ከተማ ናት። ብርዷ አጥንት ይሰብራል። የአካባቢው ሀብት ድርቆሽና ወተት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ጠዋት ጠዋት ማኪያቶውን ፉት ሲል ወተቱ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም እንጂ ከዚያ ሜዳ የወረደ ይኖርበታል። ወደ ደርባ ሲሚንቶ የሚሄደውና የሚመለሰው ከባድ መኪና መንገዱን ሲያንቀጠቅጠው ይውላል።

አባቴ እዚያ ወፍጮ ነበረው። ባለ ሊስተር ሞተር፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ በድንጋይ የሚፈጭ። ጠዋት ሲነሣ ‹‹ቱክ ቱክ›› የሚለው ድምፁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይሰማል። እኔና ወንድሞቼ በዚያ ወፍጮ ነው ያደግነው፤ የተማርነውም በእሱ ነው። አባቴ ማታ ሲገባ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ይዞ ነበር የሚገባው፤ ታናሽ እህታችን ሽበት እየመሰላት ታለቅስ ነበር። ደግሞም ሰውየው ግብር ከፋይ ነበር። ሐምሌ በባተ ቁጥር ቁርጥ ግብሩን ከፍሎ፣ ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሣጥን ውስጥ ይከታል። የሃያ ምናምን ዓመት ደረሰኝ ዛሬም እናታችን ቤት አለ። ይህን የምነግራችሁ አባቴን ለማመስገን ብዬ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

አባታችን በ2007 ዓ.ም. አረፈ። ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓመት ገፋበት። ሰፈሩ ውስጥ የመብራት ወፍጮ ሲከፈት ግን የናፍጣው ነገር አላዋጣም፤ በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ። ወፍጮው ቤት ውስጥ ዝጎ ከሚቀር ብለን በ2011 ዓ.ም. ለመሸጥ ተስማማን። እንዴት ይሸጣል? ጫንጮ ውስጥ አሮጌ ወፍጮ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ያለው ደላላ ነው።

ደላላው መጣ። ቢሮ የለውም፤ ቢሮው የሻይ ቤት በረንዳ ነው። ፈቃድ የለውም፤ ፈቃዱ ሁለት ስልክ ነው። ሞተሩን አየ፣ ቺንጋውን ነካ ነካ አደረገ፣ ድንጋዩን በጣቱ አንኳኳ፣ ከዚያ አንገቱን ነቀነቀ። ‹‹ጋሼ፣ ይኼ'ኮ ብረታ ብረት ነው። ግን እኔ አለሁ።›› ‹‹እኔ አለሁ›› የምትለዋን ቃል አደራ ያዙልኝ!

በሦስተኛው ሳምንት ከሙከጡሪ በኩል ገዢ አመጣ። 180 ሺህ ብር። ገዢውን ከደላላው ለይተን አላነጋገርነውም፤ ደላላው መሐላችን እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር። ውል ተጻፈ፣ ምስክር ፈረመ፣ ብሩ በደላላው እጅ በኩል መጣ፣ ተቆጠረ። እኛ ለድለላ 4 ሺህ ብር ሰጠነው። ገዢውም 4 ሺህ ሰጠው። ወፍጮው አይሱዙ ላይ ተጫነ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ መኪናው እስኪሰወር አየችው። ነገሩ አለቀ አልን።

መች አለቀ!

የአባታችን የንግድ ፈቃድ ገና አልተመለሰም ነበር። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ሰው ሲሞትብህ መጀመሪያ የምታስበው ተዝካሩን እንጂ የንግድ ፈቃዱን አይደለም። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው ብለን ፈቃዱን ለመመለስ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድን። የቱ ጽሕፈት ቤት እንደሆነ አልጠቅስም፤ ይህ ጉዳይ የአንድ ጽሕፈት ቤት ወይም የአንድ ሹም ጉዳይ አይደለምና። ፈቃድ ለመመለስ ክሊራንስ አምጡ ተባልን። ክሊራንስ ለማግኘት ደግሞ ‹‹ፈቃዱ በእጃችሁ እስካለ ድረስ እንደሠራችሁ ይቆጠራል›› ተባልን። ፈቃዱን ለመመለስ ክሊራንስ፣ ክሊራንስ ለማግኘት ፈቃዱን መመለስ! ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ እያልን አራት ጊዜ ተመላለስን።

በአምስተኛው ቀን ሠራተኛው ‹‹ወፍጮውስ የት ደረሰ?›› ብሎ ጠየቀ። ሸጥነው አልን። ውሉን አሳየን። ገዢውም የዋህ ሰው ነው፤ ‹‹እኔ ገዝቼዋለሁ ብዬ ልመስክርላችሁ›› ብሎ ከሙከጡሪ ድረስ አብሮን መጥቷል። ሠራተኛው ‹‹በስንት ገዛኸው?›› አለው።

‹‹በሁለት መቶ አሥር ሺህ።››

እኔና ወንድሜ ተያየን። እናቴ ‹‹በስንት?›› አለች። ሰውየው ደገመው። ‹‹ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብር ቆጥሬ ለደላላው ሰጥቼዋለሁ፤ ውሉ ላይ ያነሰው ለግብር እንዲቀላችሁ እናንተ ናችሁ ያላችሁት ብሎኛል።››

እንግዲህ አስቡት! ደላላው ከእኛ አራት፣ ከገዢው አራት፣ ከመሐል ሠላሳ ሺህ። ድምሩ 38 ሺህ ብር። ገዢው እኛን ግብር ሰራቂ አድርጎ፣ እኛም ገዢውን ምንም የማያውቅ ባላገር አድርገን፣ ሁላችንም ደላላውን ‹‹እግዚአብሔር ይስጥህ›› ብለን ነበር የተለያየነው።

ይህን ሰምቶ ሠራተኛው የሚነሣ መስሎኝ ነበር። ‹‹ደላላው ማነው? የት ነው ያለው? ይጠራ!›› የሚል መስሎኝ ነበር። ጭራሽ! እሱ የሰማው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ‹‹ውሉ ላይ ያነሰው›› የሚለውን። ‹‹ዋጋ ደብቃችኋል›› አለን። ‹‹ስለዚህ ውላችሁን አንቀበልም፤ በግምት ነው የምንሠራው።›› ከሳምንት በኋላ ግምቱ መጣ። 320 ሺህ ብር! ከየት አመጡት? መርካቶ የአዲስ ወፍጮ ዋጋ በስልክ ተጠይቆ፣ ‹‹ለእርጅና›› ተብሎ ትንሽ ተቀንሶ። እኛ 180 የተቀበልንበት፣ ገዢው 210 የከፈለበት ወፍጮ በወረቀት ላይ 320 አወጣ። አንድ ወፍጮ፣ ሦስት ዋጋ። በዚህ ዋጋ መንግሥት ራሱ ይግዛን ብንል ኖሮ እሺ ይለን ነበር?

የመጣብንን ዕዳ ልዘርዝርላችሁ። በ320 ሺህ ላይ 2 በመቶ ተርን ኦቨር ታክስ፣ 6,400 ብር። ወፍጮው ተዘግቶ ለቆመባቸው ሁለት ዓመታት ቁርጥ ግብር፣ 9,600 ብር። መቀጫና ወለድ 7,350። ድምር 23,350 ብር። ከደላላው የተጠየቀ ደግሞ ዜሮ። ባዶ። ምንም!

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። እኔ ሕግ አዋቂ አይደለሁም፤ ግን ማንበብ እችላለሁ።

በንጉሡ ዘመን ትራንዛክሽን ታክስ የሚባል ነበር። በ1985 ዓ.ም. የሽያጭና ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 68 ወጣ። ያን የሽያጭ ታክስ በ1995 ዓ.ም. ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሕዝቡ ‹‹ቫት›› የሚለው፣ ተካው፤ አዋጁ ቁጥር 285/1994 ነው። ለቫት ላልተመዘገበው ትንሽ ነጋዴ ደግሞ የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ ቁጥር 308/1995 ተሠራለት። በዚህ በ308ቱ አዋጅ እዚሁ አገር ውስጥ በሚሸጥ ዕቃ ላይ 2 በመቶ ይከፈል ነበር። አገልግሎት ላይ ሲመጣ ሥራ ተቋራጭን፣ የእህል ወፍጮን፣ ትራክተርንና ኮምባይነርን በስማቸው ጠርቶ 2 በመቶ ነው ይላል። አያችሁ? አዋጁ ወፍጮን በስሙ ያውቀዋል! የቀረው አገልግሎት ሁሉ 10 በመቶ ነው። ደላላ ከቀረው ውስጥ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የደላላው 38 ሺህ ሲባዛ በ10 በመቶ፣ 3,800 ብር። የገቢ ግብሩን ሳንጨምር ነው። መንግሥት ከእኛ በሌለ ዋጋ ላይ 6,400 ለመቀበል ስድስት ወር ሲያመላልሰን፣ በርግጥ ከነበረ ገንዘብ ላይ 3,800ውን እንዲሁ ጣለው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?

‹‹ደላላ በሕግ አይታወቅም›› የሚለኝ ካለ ተሳስቷል። ደላላን የ1952ቱ የንግድ ሕግ ያውቀው ነበር። ተዋዋዮችን አፈላልጎ የሚያገናኝ፣ ይህንንም ሙያው አድርጎ ለትርፍ የሚሠራ ሰው ብሎ በአንቀጽ ተርጉሞታል፤ ነጋዴ ነውም ብሎታል። ያ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ እስኪተካ ስድሳ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ነበረ። የሻይ ቤቱ በረንዳም ነበረ። ሁለቱ አንድ ቀን ሳይተዋወቁ ስድሳ ዓመት አለፈ።

ወደ ወፍጮው ልመለስ። ያ ሞተር ድሮ ከውጭ ሲገባ ቀረጡ ተከፍሎበታል። የሽያጭ ታክሱም ተከፍሎበታል፤ አባቴ ሲገዛው ዋጋው ውስጥ ነበር። ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት ሲፈጭ በየዓመቱ ግብሩ ተከፍሎበታል፤ ደረሰኙ ሣጥን ውስጥ አለ ብያችኋለሁ። ሲያረጅ ደግሞ ከነዝገቱ እንደገና ታክስ ይከፈልበት ተባለ። ይሁን፣ ይከፈል እንበል። ታዲያ ያረጀ ቤትስ? የ285ቱ አዋጅ ያገለገለ መኖሪያ ቤት ሲሸጥ ከቫት ነፃ አድርጎታል። የ308ቱም ቢያንስ ሁለት ዓመት የተኖረበትን መኖሪያ ቤት ነፃ ብሎታል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቤቱ አንድ ጊዜ ታክስ ቀምሷል፣ ደግሞ አይጠየቅ ነው። ለሀብታም ቪላ የታሰበው ርኅራኄ ለድሃ ወፍጮ፣ ለድሃ ስፌት መኪና፣ ለድሃ የውሃ ፓምፕ ለምን አልታሰበም?

አንድ ሌላ ነገር። የቫቱ አዋጅ ታክስ የሚከፈልበት እንቅስቃሴ ሲል በቀጣይነት ወይም በመደበኛነት የሚሠራውን ሥራ ማለቱ ነው። እናቴ ወፍጮ በቀጣይነት አትሸጥም። በሕይወቷ አንድ ወፍጮ ሸጠች፤ እሱም የሟች ባሏ ነው። ይህን ለሠራተኛው ስነግረው ‹‹እሱ ቫት ነው፣ የእናንተ ተርን ኦቨር ነው›› አለኝ። ደግሞም ‹‹ፈቃዱ ስላልተመለሰ ነጋዴ ናችሁ፤ የሸጣችሁትም የንግድ ዕቃ ነው›› አለ። ፈቃዱን በተመለከተ እውነት አለው፤ አስቀድሜ አምኛለሁ። ግን ሰው ሞቶ ተቀብሮ፣ ቤቱ ተዘግቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እያወቀው፣ ‹‹በወረቀት እየፈጨ ነው›› ተብሎ የሁለት ዓመት ግብር የሚጣልበት አገር የት አለ? አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ሊፈጭ ነው?

ይህ የወፍጮ ብቻ ጉዳይ አይምሰላችሁ። ባሕር ዳር ያለ አንድ ወዳጄ ጣና ላይ ይሠራበት የነበረውን የጀልባ ሞተር በደላላ ሸጦ ልክ ይኸው ነው የደረሰበት። ዋጋው ከነጠረው ይልቅ የተገመተው በለጠ፤ ደላላው ደግሞ ስልኩን ዘጋ። እኔ የጫንጮውን ሳወራለት እሱ የጣናውን እያወራልኝ አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ የምንሰማ መሰለን።

ጀልባ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ያገለገለ ጀልባም ሲሸጥ የሽያጭ ታክስ ይከፈልበታል፤ የግዛቱ 6 በመቶ ነው። ግለሰብ ለግለሰብ ቢሸጠውም አይቀርለትም። ነገር ግን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ጀልባው የፈለገውን ሚሊዮን ቢያወጣ ታክሱ ከ18 ሺህ ዶላር አያልፍም። እንግዲህ ለቱጃሩ መርከብ ጣሪያ አለው፤ ለእናቴ ወፍጮ ጣሪያ የለውም፣ ግምት ነው ያለው! አውሮፓውያኑ ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ያገለገለ ዕቃ የሚነግደው ነጋዴ በትርፉ ላይ ብቻ፣ ማለትም በገዛበትና በሸጠበት ልዩነት ላይ ብቻ ታክስ እንዲከፍል ፈቀዱ። ዕቃው ቀድሞ ታክስ ከፍሏልና። በዚያ ስሌት ከእኛ ወፍጮ ላይ መንግሥት የሚያገኘው ከማን ነበር? ከመሐል ሠላሳ ሺህ ካተረፈው ሰው!

‹‹ታዲያ ለምን አልተከራከራችሁም?›› ትሉኛላችሁ። ተከራክረናል እንጂ! የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ውሳኔው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ አቅርብ ይላል። ቅሬታህ ውድቅ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ በል፤ ግን አስቀድመህ ከተከራከርክበት ታክስ 50 በመቶውን አስይዝ ይላል። ለእኛም የተነገረን ይኸው ነው። ቅሬታችን በአንድ መስመር ተመለሰ፤ ‹‹ግምቱ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።›› ከዚያ በኋላ ከ16 ሺህ ብሩ ግማሹን፣ 8 ሺህ ብር አስይዘህ፣ ጠበቃ ይዘህ፣ ከጫንጮ እየተመላለስክ ተሟገት ነው። ሀብታሙ ግማሹን አስይዞ ይሟገታል። ድሃውስ? ፍትሕ ቀብድ የሚጠይቅ ከሆነ ‹‹ይግባኝ›› የሚለው ቃል ለማን ነው የተጻፈው?

ግምት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ያልታየ ነገር አይደለም። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ሲለጠፍ የሆነውን እናስታውሳለን። አምቦ ሱቅ ዘጋ፣ ወሊሶ ሱቅ ዘጋ። አዲስ አበባም ቅሬታ አቅራቢው ሰልፍ መንገድ ሞላ። ያኔ ባለሥልጣናቱ ስለ ግምቱ ስሕተት ሲናገሩ ሰማን፤ ቅሬታም ይታያል ተባለ። ሰልፉ ሲበተን ግምቱ ግን ከቢሮው አልወጣም። ስልክ አንሥቶ መርካቶ መጠየቅ ቀላል ነው፤ በረንዳው ላይ ሄዶ ደላላውን መጠየቅ ግን እግር ይፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1341፣ ወጥቶ የ285ቱን ቦታ ያዘ። መጣኔው ያው 15 በመቶ ነው። አዋጅ ሲለወጥ ቁጥር ይለወጣል፤ ሰብሳቢው ግን ደረሰኝ ባለው ሰው ደጅ ነው የሚቆመው። ደረሰኝ የሌለው ሰው ደጅ የለውማ!

እኔ ግብር አይከፈል አላልኩም፤ ጠማማ ሰው እንዳይተረጉምብኝ። የምለው ሌላ ነው። ያገለገለ ዕቃ በደላላ ሲሸጥ ደላላው በውሉ ላይ ስሙን፣ የተቀበለውን ኮሚሽንና ፊርማውን ያስቀምጥ። ያልፈረመ ደላላ ኮሚሽን የመጠየቅ መብት አይኑረው። ይህ አዲስ ሠራተኛ መቅጠር አይፈልግም፣ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም፤ አንድ መስመር ነው። ያን ጊዜ ሦስት ዋጋ አይኖርም፤ ገዢና ሻጭ አንድ ወረቀት ላይ ይተያያሉና። ሹሙም ውሉን አልቀበልም ሲል ለምን እንዳልተቀበለና ግምቱን ከየት እንዳመጣው በጽሑፍ ይንገረን። ‹‹ትክክል ሆኖ ተገኝቷል›› መልስ አይደለም።

እኛ በመጨረሻ ከፈልን። ይግባኙን ልቀጥል ስል እናቴ ‹‹ልጄ፣ ክፈልና አባትህን አሳርፈው። ስሙ በየቢሮው ሲጠራ መስማት ሰለቸኝ›› አለችኝ። በ2012 ዓ.ም. 23,350 ብሩን ከፍለን ክሊራንሱን ተቀበልን። እናቴ ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልላ እዚያው ሣጥን ውስጥ ከተተችው። የአባቴ ደረሰኞች ላይ አስቀመጠችው።

ደላላውን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። እዚያው ሻይ ቤት፣ እዚያው በረንዳ። አሁን የወተት ላም ነው የሚያሻሽጠው። ሠላሳ ሺህዋን ሳነሣበት አልደነገጠም፤ ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ‹‹ጋሼ፣ እኔ'ኮ ገበያ ነው ያመጣሁላችሁ። ባይሆን እናንተ ስትሸጡ ለምን ደረሰኝ ያዛችሁ?›› አለኝ። የሻዩን ሒሳብም እሱ ነው የከፈለው።